ምዕራፍ 6፦ ቁጥሩ ልክ ነው፣ መብራቱ ግን ይበተናል

ናይሮቢ የምድር ወገብ ጎረቤት ናት። ፀሐይዋ ክረምት ከበጋ ሳትል ከምሽቱ 12፡30 ግድም ትጠልቃለች። (ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓቱን እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ በቋንቋው «አሥራ ሁለት ተኩል» ብትሉት ይገባዋል።) ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ድፍን ጨለማ እስኪሆን ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የቲካ መንገድ የሚጨናነቀውም በዚያችው ግማሽ ሰዓት ነው። ከመሀል ከተማ ወደ ሮይሳምቡ፣ ወደ ካሳራኒና ወደ ጊቱራይ የሚመለሱት ማታቱዎች፣ የእኛዎቹ ሚኒባስ ታክሲዎች መሆናቸው ነው፣ ፍሬን በያዙ ቁጥር ቀይ መብራት መንገዱን ሙሉ ይሰለፋል፤ በመካከላቸው ባለ አንድ መብራት ሞተር ሳይክል ይሾልካል።

እዚህ መንገድ ላይ መነጽር የሚያደርግ አንድ ሾፌር አለ እንበል። በቅርቡ ካሳራኒ ካለ መነጽር ቤት ተመርምሮ አዲስ መነጽር አሠርቷል። ቀን ላይ የፊደል ሠሌዳውን ታችኛ መስመር ሳይደናቀፍ ያነባል። ማታ ግን ከፊት ለፊቱ የሚመጣው መብራት ነጥብ መሆኑ ይቀርና ጨረር ያበቅላል፣ ዙሪያውን ክብ ያወጣል፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ጎን ጅራት ይጎትታል። ተመልሶ ሄዶ «ቁጥሩ ተሳስቷል» ይላል። ባለሙያው ደጋግሞ ለክቶ «ቁጥሩ ልክ ነው» ይለዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት የዚህ ምዕራፍ ሥራ ነው።

እስካሁን የደረስንበት

በምዕራፍ 3 ሩቁ የሚደበዝዝበት ሰው፣ ማለትም ማዮፒያ ያለበት፣ ዋና ችግሩ የዓይኑ ኳስ መርዘሙ እንደሆነ አይተናል፤ ኳሱ 1 ሚሊሜትር ሲረዝም የመነጽሩ ቁጥር ወደ 2.5 ዳዮፕተር ያህል ይጨምራል። በምዕራፍ 5 ደግሞ አስቲግማቲዝም ኮርኒያው በአንድ አቅጣጫ ከሌላው ይበልጥ ሲጎብጥ የሚመጣ መሆኑን አየን። ሁለቱም ችግሮች ሥርዓት ያላቸው ናቸው። የረዘመው በወጉ ረዝሟል፣ የጎበጠውም በወጉ ጎብጧል። ሥርዓት ያለው ጉድለት ደግሞ ሥርዓት ባለው ሌንስ ይታረማል።

አሁን ወደ ኮርኒያው ጠጋ ብለን እንየው። ኮርኒያ ከዓይናችን ፊት ያለው ግልጽ መስኮት ነው። ስፋቱ 11 ወይም 12 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ መሀሉ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ብቻ። የደም ሥር የለውም፤ የሚያስፈልገውን ኦክስጅን በአብዛኛው ከአየር፣ በእንባው በኩል ይወስዳል። እንዲህ ትንሽ ይሁን እንጂ፣ ዓይን ብርሃንን ከሚያጥፍበት 60 ዳዮፕተር ገደማ አቅም ውስጥ 43 ያህሉ የእሱ ድርሻ ነው። ከውስጥ ያለው ሌንስ የሚሠራው ቀሪውን ነው። ብርሃን ከአየር ወጥቶ ውኃ አዘል ወደሆነ አካል የሚገባው እዚህ ላይ ነውና ትልቁ መታጠፍ የሚደረገው እዚህ ነው፤ ስለዚህም በዚህ ገጽ ላይ ያለች ትንሽ ጉድፍ ሌላ ቦታ ካለች ጉድፍ ይልቅ ትጎዳለች።

ምጣዱና ገጹ

እንጀራ ጋግሮ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር እንኳ ሲጋገር ያላየ አይኖርም። ምጣዱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሊጡ ወደዚያው ይሄድና እንጀራው በአንድ በኩል ይወፍራል፣ በሌላው ይሳሳል። መላው ቀላል ነው፤ ከሥሩ ጠጠር ወይም የታጠፈ ካርቶን ይገባለታል። ናይሮቢ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግር እናትም ብትሆን፣ የወጥ ቤቷ ወለል ካልተስተካከለ ያቺኑ ካርቶን መፈለጓ አይቀርም። መነጽር ማለት ይህች ካርቶን ናት።

አሁን ምጣዱ ውኃ ልኩን ጠብቆ ተቀምጧል፤ ገጹ ግን እዚህ ጋ ትንሽ የጎደጎደ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ያበጠ ነው እንበል። እንጀራው እዚያ ቦታ ላይ ዓይን አያወጣም፣ ወይም ይጣበቅና ሲነሳ ይቀደዳል። ካርቶኑን ብትደራርቡት ብታነሱት ለውጥ የለም። ጉዳዩ የአቀማመጥ ሳይሆን የገጽ ነው።

ምሳሌው እስከ መጨረሻው አያስኬድም፤ ኮርኒያ ጎባጣ ነው እንጂ ጠፍጣፋ አይደለም፣ ብርሃንም እንደ ሊጥ አይፈስም። የሐኪም ትእዛዝ ወረቀታችሁን ብታወጡ ግን ነገሩን በቁጥር ታገኙታላችሁ። ለእያንዳንዱ ዓይን ሦስት ቁጥር ተጽፏል፤ ለምሳሌ −2.50፣ −1.00፣ 180። የመጀመሪያው በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚያስፈልገውን እርማት ይናገራል። ሁለተኛው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጨመረውን፣ ሦስተኛው ያ ጭማሪ በሌንሱ ላይ በስንት ዲግሪ እንደሚቀመጥ። በሦስት ቁጥር የሚገለጽ ገጽ የለሰለሰ ገጽ ነው። የማንም ሰው ኮርኒያ ግን በሦስት ቁጥር ተገልጾ አያልቅም። ሦስቱ ቁጥሮች ከተቀነሱ በኋላ የሚተርፈውን ባለሙያዎች «ሃየር ኦርደር አበሬሽን» ይሉታል፤ እኛ በዚህ መጽሐፍ «የገጽ ግድፈት» እያልን እንሄዳለን።

የተረፈው ምን ያህል ነው? በጤናማ ዓይኖች ላይ ሲለካ፣ ከጠቅላላው ጉድለት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው መነጽር የሚያርመው ዓይነት ነው። የገጽ ግድፈት ቀሪው ነው። ይህንን ቀሪ በዓይነት በዓይነቱ ለመደርደር ዛሬ የዓይን መሣሪያዎች የሚጠቀሙበት ሒሳብ የሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ የፍሪትስ ዘርኒከ ነው። እሱ ሒሳቡን እ.ኤ.አ. በ1934 ሲያወጣ የሚያስበው ስለ መስታወትና ስለ ቴሌስኮፕ ነበር፤ በ1953 የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በሌላ ሥራው፣ በማይክሮስኮፕ ነው። ከዘርኒከ ዓይነቶች ለእኛ ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው ኮማ ይባላል፤ የገጹ አንድ ወገን ከሌላው ሲለይ ይመጣና መብራትን ጅራት ያስወጣል። ሁለተኛው ስፌሪካል አበሬሽን ነው፤ በገጹ ዳር የሚገባው ብርሃን በመሀል ከሚገባው ቀድሞ ሲገናኝ ይመጣና በመብራት ዙሪያ ክብ ያበጃል።

ብሌኑ ሲሰፋ

እንግዲህ የገጽ ግድፈቱ ቀንም ማታም እዚያው ካለ፣ ሾፌራችን ቀን ላይ ለምን አያየውም?

መልሱ ያለው ብሌኑ ጋ ነው፤ በዓይን መሀል ያለው ጥቁር ቀዳዳ። ቀን በፀሐይ ብርሃን ወደ 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ይጠባል፤ በጨለማ የወጣት ሰው ብሌን 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሊሰፋ ይችላል። ጠባብ ሲሆን የምንጠቀመው የኮርኒያውን መሀል ብቻ ነው፤ መሀሉ ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ክፍል ነው። ሲሰፋ ዳሩም ወደ ሥራ ይገባል። ግድፈቱ ታዲያ ከብሌኑ ጋር እኩል አያድግም። ብሌኑ ከ3 ወደ 6 ሚሊሜትር እጥፍ ሲሆን ኮማ 8 እጥፍ፣ ስፌሪካል አበሬሽን ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል። መነጽሩ ቀን በ3 ሚሊሜትር ብሌን ተለክቶ «ልክ ነው» ተባለ፤ ሾፌሩ ግን መሪውን የጨበጠው በ6 ሚሊሜትር ነው። የናይሮቢ አጭር ማምሻ ብሌኑን የሚያሰፋው መንገዱ በመኪና በሞላበት ሰዓት መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል።

ተፈጥሮ ለዚህ ምንም አላዘጋጀችም ማለት አይደለም። ኮርኒያ ከመሀል ወደ ዳር ሲሄድ ቀስ በቀስ ይለጠጣል፣ ጉብጠቱ ይቀንሳል፤ ይህ ስፌሪካል አበሬሽንን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የተረፈውን በወጣትነት የውስጡ ሌንስ በተቃራኒው እየተሳሳተ ያጣፋለታል። ሁለት ስሕተት ተደምሮ ወደ ልክ ይጠጋል ማለት ነው። ዕድሜ ሲገፋ ሌንሱ ይለወጥና ይህ መደጋገፍ ይላላል። አምሳን ያለፈ ሰው ማታ መንዳት ሲሰለቸው ምክንያቱ ፍርሃት ብቻ አይደለም። (የዓይን ሞራም ሊሆን ይችላል፤ ወደ እሱ በምዕራፍ 9 እንመለሳለን።)

ብሌን ሲሰፋ መብራት እንደሚበተን በራሳችሁ ዓይን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ጠንከር ያለ ወረቀት ወስዳችሁ በመርፌ ብሱት፤ ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ማታ በረንዳ ላይ ቆማችሁ መነጽራችሁን እንዳደረጋችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ፣ በሌላው የሩቅ አምፖል ተመልከቱ። ጨረሩን ልብ በሉት፤ ስንት ነው፣ ወደየት ያዘነብላል? ከዚያ ቀዳዳውን ከዓይናችሁ አስጠግታችሁ በእሱ በኩል እዩ። አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ግን ጨረሩ ተሰብስቦ ነጥብ ከሆነ፣ ብርሃኑን የሚበትነው የዓይናችሁ የፊት ክፍል ገጽ ወይም የቀረ የመነጽር ቁጥር ነው፤ ቀዳዳው ዳሩን ከልክሎ መሀሉን ብቻ አሳለፈ። በቀዳዳው በኩልም ዕይታችሁ ካልጠራ ነገሩ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ሁለቱን ዓይኖች ለየብቻ ሞክሩ፤ የአንዱ ጨረር ከሌላው እንደማይመሳሰል ታያላችሁ። እየነዳችሁ ግን አትሞክሩት።

የገጹን ካርታ ማንሳት

ግድፈቱ ከኮርኒያ ይሁን ከውስጡ ሌንስ ለመለየት ከሁሉ የሚገርመኝ ሙከራ የእንግሊዛዊው የቶማስ ያንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1801 በገዛ ዓይኑ ላይ አስቲግማቲዝም አገኘ። ከዚያ ዓይኑን ከውኃ ጋር አገናኘው። ውኃና ኮርኒያ ብርሃንን የሚያጥፉት በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ፣ ኮርኒያው በውኃ ውስጥ ሥራ ፈት ይሆናል። አስቲግማቲዝሙ ግን አልጠፋም። ያንግ የእሱ ጉድለት ከውስጡ ሌንስ እንደሆነ ያወቀው እንዲህ ነው። በአብዛኛው ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ከፍ ያለ አስቲግማቲዝም የሚመጣው ከኮርኒያ ነው።

ገጹን በቀጥታ የማየት ዘዴ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1880 ከፖርቱጋላዊው ሐኪም ከአንቶኒዮ ፕላሲዶ ነው። ነጭና ጥቁር ክቦች ተራ በተራ የተሣሉበት ሠሌዳ ወስዶ መሀሉን በሳ፤ በቀዳዳው በኩል ክቦቹ በታካሚው ኮርኒያ ላይ እንዴት እንደሚንጸባረቁ ተመለከተ። ዛሬም ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው ኮምፒውተር መጨመሩ ብቻ ነው። አገጫችሁን በማረፊያው ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ግንባራችሁን ታስደግፋላችሁ፤ ከፊታችሁ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነገር ክብ በክብ ሆኖ ይበራል። «እንዳትርገበገቡ» ትባላላችሁ። በኮምፒውተሩ ላይ የራሳችሁ ዓይን ክቦቹን ለብሶ ይታያል። ክቦቹ የተቀራረቡበት ቦታ ኮርኒያው ይበልጥ የጎበጠበት ነው፤ የተራራቁበት የተለጠጠበት። ኮምፒውተሩ የጎበጠውን ቀይ፣ የተለጠጠውን ሰማያዊ አድርጎ ካርታ ያወጣል።

ይህን ምርመራ የሚያበላሽ አንድ ነገር አለ፤ የዓይን መድረቅ። ብርሃን መጀመሪያ የሚያገኘው ገጽ ኮርኒያው ራሱ ሳይሆን በላዩ የተዘረጋው ስስ እንባ ነው። ምጣድ በጎመን ዘር ታስሶ እንደሚለሰልሰው፣ እንባም የኮርኒያውን ጥቃቅን ሸካራነት ይሸፍናል። ዓይን ሳይርገበገብ ሲቆይ እንባው እዚህም እዚያም ይቆራረጥና በማሽኑ ላይ ክቦቹ ሲሰባበሩ ይታያሉ። ስልክ ላይ ስናፈጥም ሆነ መሪ ይዘን መንገድ ላይ ስናፈጥ የምንርገበገበው ከወትሮው ያነሰ ነው። የማታ መብራት የሚበተንባችሁ ሰዎች ብር ከማውጣታችሁ በፊት አስቀድማችሁ ይህንን ፈትሹ፤ ረጋ ብሎ ጥቂት ጊዜ መርገብገብ ጨረሩን የሚያሳንሰው ከሆነ ጉዳዩ የእንባ ነው።

መነጽር የሚያደርግ ሰው ገጹ የባሰ ነው?

ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል፤ በተለይ ቁጥሩ ትልቅ የሆነ። በማዮፒያና በገጽ ግድፈት መካከል ዝምድና መኖሩን ለማወቅ የተደረጉት ጥናቶች አልተስማሙም፤ አንዳንዶቹ ትንሽ ብልጫ አገኙ፣ ሌሎቹ ምንም አላገኙም። ለእኔ ይህ አያስደንቅም። የዓይን ኳስ መርዘም አንድ ጉዳይ ነው፣ የገጽ ልስላሴ ሌላ። −6.00 የሚያደርግ ሰው መነጽር አድርጎ ከማያውቅ ጎረቤቱ የለሰለሰ ኮርኒያ ሊኖረው ይችላል።

መጠኑም ልክ ይያዝ። በ6 ሚሊሜትር ብሌን የጤናማ ዓይን የገጽ ግድፈት በአማካይ ወደ 0.3 ማይክሮሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ይበልጣል። በመነጽር ቋንቋ ሲተረጎም ከ0.25 ዳዮፕተር ብዙ አይርቅም፤ ይህም በመነጽር ቤት ካለው የሌንስ መለኪያ የመጨረሻዋ ትንሿ ደረጃ ናት። ለአብዛኛው ሰው እንግዲህ ይህ ከጉዳይ የሚቆጠር አይደለም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት፣ ዕይታቸው ዝቅተኛ ከሆነ ሰዎች 33.4 በመቶዎቹ ችግራቸው ገና ያልታረመ የመነጽር ቁጥር ነበር። ሦስቱን ቁጥሮች እንኳ ያላገኘ ሕዝብ ባለበት አገር ስለ አራተኛው መጨነቅ ቅንጦት ይመስላል፤ ለአብዛኛው ሰው ቅንጦት ነውም።

ስለዚህ የገጽ ግድፈትን ጭምር እናርማለን የሚል የመነጽር ማስታወቂያ ስታዩ ጥንቃቄ ይኑራችሁ። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊሜትር ያህል ርቆ አፍንጫ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ዓይን ደግሞ ከኋላው ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይዞራል። ጉድፉ ከዓይኑ ጋር ሲዞር መነጽሩ ባለበት ይቀራል። ከገጹ ጋር የማይሄድ ነገር ገጹን ሊያርም አይችልም።

ከገጹ ጋር የሚሄድ

ከገጹ ጋር የሚሄደው በዓይን ላይ የሚቀመጠው ሌንስ፣ ኮንታክት ሌንስ ነው፤ እሱም ጠንካራው ዓይነት። ለስላሳው የኮርኒያውን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛል፤ ጉድፉን ወደ ላይ ያስተላልፈዋል። ጠንካራው ግን ቅርጹን ይጠብቃል፤ በእሱና በኮርኒያው መካከል ያለውን ክፍተት እንባ ይሞላዋል። እንባና ኮርኒያ ብርሃንን የሚያጥፉት በተቀራራቢ መጠን ስለሆነ፣ ከኮርኒያው የፊት ገጽ ግድፈት የሚቀረው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ያንግ በውኃ ያደረገው ነገር በየቀኑ በእንባ ይደረጋል ማለት ነው።

ሌዘር ሌላው መንገድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌዘሩ የሚያስተካክለው የኮርኒያ መሀል ጠባብ ነበር፤ ማታ ብሌኑ ከተስተካከለው ቦታ ሲያልፍ ታካሚው በመብራት ዙሪያ ክብ ያይ ነበር። የሰውየውን የገጽ ግድፈት ለክቶ በዚያው ልክ የሚሠራው ሌዘር በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ብሌኑ በጨለማ ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰፋ ሳይለካ፣ የኮርኒያው ካርታ ሳይነሳ ሌዘር ልሥራልህ የሚል ካለ አመስግኖ መውጣት ይሻላል።

ገጹ ራሱ ሲሾል

ካርታው ግዴታ የሚሆንበት ዋና ምክንያት ኬራቶኮነስ ነው። ኮርኒያው እየሳሳ፣ ብዙውን ጊዜ ከመሀሉ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊት የሚሾልበት ሕመም ነው። በአብዛኛው በአፍላ ዕድሜ ይጀምርና እስከ ሠላሳዎቹ ሊቀጥል ይችላል። እዚህ ላይ የገጽ ግድፈት 0.25 ዳዮፕተር የሚያክል ትንሽ ነገር መሆኑ ይቀራል፤ ከጤናማው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ ኮማ ያይላል፣ አንድ አምፖል እንደ ሁለትና ሦስት ይታያል። አመጣጡ ግን ተራ አስቲግማቲዝም መስሎ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ይጻፋሉ፣ መነጽር ይሠራል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ቁጥሩ ተለውጦ ሌላ ይሠራል። የመነጽር ሱቅ ማሽን ሦስት ቁጥር ብቻ ስለሚያወጣ ሕመሙን በስሙ አይጠራውም።

ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ከዚህ ሕመም ጋር ተያይዞ የሚነሳ ነገር ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በአለርጂ ዓይናቸው የሚያሳክካቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ልጅ ደግሞ ሲያሳክከው ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2003 የድሬስደን ሐኪሞች ባሳተሙት ዘዴ፣ ቫይታሚን ቢ2 ያለበት ጠብታ ተደርጎ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ኮርኒያው ይጠነክራል፤ የሾለውን አይመልስም፣ መሾሉን ግን በአብዛኛው ያቆማል። ስለዚህ ጊዜው ወሳኝ ነው። ጊዜው ካለፈና ጠንካራው ሌንስም ካልረዳ የሚቀረው የሰው ኮርኒያ መተካት ነው። ያ ደግሞ ከሞት በኋላ ዓይኑን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው ይፈልጋል፤ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተቋቋመው ለዚህ ነው። በትራኮማ ኮርኒያቸው ጠባሳ ይዞ የቀረ ሰዎችም ከዚሁ ሰልፍ ውስጥ አሉ።

ካሳራኒም ሁኑ ጎንደር፣ ልጃችሁ ዓይኑን የሚያሽ ከሆነ፣ የመነጽሩም ቁጥር በተለይ ሁለተኛውና ሦስተኛው በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ሌላ መነጽር ከማሠራታችሁ በፊት የድሮዎቹን ወረቀቶች ሰብስባችሁ ትልቅ የዓይን ሕክምና ክፍል ውሰዱት። ናይሮቢ ላይ ሎሬሾ ያለው የላየንስ ሳይትፈርስት ዓይን ሆስፒታልና ከከተማው በስተምዕራብ ያለው የኪኩዩ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ምኒልክ፣ ጎንደር ላይ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አለ። እዚያም «የኮርኒያው ካርታ ይነሳለት» በሉ።